ደሙ የተወሰደው በስንተኛው ቀን ነው?

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 46 ነው፤ የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ቴስቶስትሮን (የወንድ ሆርሞን) አንሶሃል ተብዬ በየሁለት ሳምንቱ 200 ሚሊ ግራም የቴስቶስትሮን ኢናንቴት መርፌ እወስዳለሁ፤ አምስት ወር ሆነኝ። አንድ ጊዜ መርፌው ሊደገም በደረሰበት ቀን ስመረመር 2.9 ናኖግራም በሚሊ ሊትር መጣ። በቅርቡ ደግሞ በተወጋሁ በሁለተኛው ቀን 11.2 ሆነና ወረቀቱ ላይ «ከፍተኛ» ተብሎ ተጻፈበት። ሄማቶክሪቴ (በደም ውስጥ የቀይ የደም ሴል ድርሻ) 53 በመቶ ነው፤ ኤልኤች የሚባለው (ከአንጎል ወጥቶ ቴስቶስትሮን እንዲመረት የሚያዘው ሆርሞን) ወደ ዜሮ ተጠግቷል። የትኛውን ልመን? መርፌውን ላቁም?

መልስ፦ ሁለቱንም ይመኑ። ኢናንቴት ከተወጉ በኋላ ባሉት ጥቂት ቀናት ጣሪያ ይነካል፤ ከዚያ እየወረደ ሄዶ በ14ኛው ቀን ወለሉ ላይ ይደርሳል። እርስዎ አንድ ጊዜ ወለሉን፣ አንድ ጊዜ ጣሪያውን ለኩ። ለእርስዎ መርፌ ደም የሚወሰደው መሐል ላይ ነው፤ በ7ኛው ቀን። ያን ዕለት ከ3.5 እስከ 6 ናኖግራም በሚሊ ሊትር ቢገኝ መልካም ነው። ሌላ ላቦራቶሪ ይህንኑ «ከ350 እስከ 600 ናኖግራም በዴሲሊትር» ወይም «ከ12 እስከ 21 ናኖሞል በሊትር» ብሎ ሊጽፈው ይችላል። መለኪያውን ሳያዩ ቁጥር አያወዳድሩ፤ ከተቻለም ሁልጊዜ አንድ ላቦራቶሪ ይመርመሩ። ለፀጉር ተብሎ የሚሸጥ ባዮቲን የሚውጡ ከሆነ አስቀድመው ይናገሩ፤ በአንዳንድ መሣሪያ ላይ ቴስቶስትሮንን ያለልክ ከፍ አድርጎ ያሳያል።

የ7ኛው ቀን ሕግ ለሁሉም አይሠራም። ቴስቶስትሮንን በቅባት መልክ የሚጠቀም ሰው ከተቀባ ከ2 እስከ 8 ሰዓት ውስጥ፣ ካልተቀባው ቦታ ደም ይሰጣል። ለረጅም ጊዜ የሚሠራውን የቴስቶስትሮን መርፌ፣ አንዲካኖኤትን፣ የሚወስድ ደግሞ ቀጣዩ መርፌ ሊወጋ ሲል።

እኛን ያሳሰበን ሄማቶክሪቱ ነው። ቴስቶስትሮን ቀይ የደም ሴል እንዲበዛ ያደርጋል፤ ከ54 በመቶ ሲያልፍ ደሙ ስለሚወፍር መድኃኒቱ ይቆማል፣ ምክንያቱም ይፈለጋል። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች የደጋ ሰው ደም ገና ከመነሻው ወፈር ይላል። ለዚህ ነው ሕክምናው ሲጀመር ቆላ ለሚኖር 48፣ ደጋ ለሚኖር 50 እንደ ማስጠንቀቂያ የሚያዘው። 54ቱ ግን ለደገኛም ከፍ አይልም። ከመጀመርዎ በፊት የተሠራውን ሲቢሲ (የደም ሴሎች ቆጠራ) ፈልገው ያውጡ፤ ያኔ 49 ከነበረና ያኔ 43 ከነበረ ጉዳዩ አንድ አይደለም።

ደም የሰጡት በጾም፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ ሳይቀምሱ ከሆነም ቁጥሩ ከፍ ሊል ይችላል፤ ክንድ ረጅም ጊዜ ታስሮ ሲቆይም እንዲሁ። ውኃ በሚጠጡበት ቀን ይድገሙት። ሲተኙ ያንኮራፋሉ? ያጨሳሉ? ሁለቱም ቁጥሩን ይገፋሉ። ሸዋ ሮቢት ወርዶ ሳምንት መሰንበት ግን መላ አይሆንም፤ ቀይ የደም ሴል ወደ 120 ቀን ይኖራል።

በራስዎ አያቁሙ፣ መጠንም አይለውጡ። ሐኪሙን «100 ሚሊ ግራም በየሳምንቱ ቢሆንስ?» ብለው ይጠይቁ፤ ድምሩ ያው ሆኖ ጣሪያው ዝቅ ይላል። የአንድ እግር እብጠት፣ የደረት ውጋት ወይም ድንገተኛ የትንፋሽ ማጠር ከመጣ ግን ቀጠሮ ሳይጠብቁ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።

ኤልኤች መውረዱ የሚጠበቅ ነው፤ አንጎል ሆርሞኑ ከውጭ ሲመጣለት ትእዛዙን ያቆማል። የዘር ምርትም አብሮ ይቀንሳል። ልጅ ገና የሚያስቡ ከሆነ ይህን ለሐኪሙ ዛሬ ይንገሩ።

ጥያቄ፦ እኔም ያንኑ ሕክምና ከጀመርኩ ስድስት ወር ሆነኝ። ፒኤስኤ (የፕሮስቴት የደም ምርመራ) ከ0.9 ወደ 1.6 ወጣ። ልፍራ? (ከሸዋ ሮቢት)

መልስ፦ ሕክምናው ሲጀመር ትንሽ መውጣቱ የተለመደ ነው። በ12 ወር ውስጥ ከ1.4 በላይ ከጨመረ፣ ወይም ከ4 ካለፈና ተደግሞ ከተረጋገጠ የሽንት ቧንቧና ፕሮስቴት ሐኪም ያያል። የእርስዎ ጭማሪ 0.7 ነው። በሚቀጥለው ምርመራ ከሁለት ቀን በፊት ጀምሮ ከግንኙነት ይታቀቡ፤ ሽንት ሲሸኑ የሚያቃጥልዎ ከሆነም መጀመሪያ እሱን ይታከሙ።