«60 ቦታ አመልክቼ የጠሩኝ 2 ብቻ ናቸው»፦ ሥራ ሲጠፋ ተስፋ እንዳይጠፋ

ጥያቄ፦ በአካውንቲንግ ከተመረቅሁ 8 ወር ሆነኝ። እስካሁን 60 ቦታ አመልክቻለሁ፤ ለቃለ መጠይቅ የጠሩኝ 2 ብቻ ናቸው፣ ከሁለቱም መልስ የለም። ቀኑን ሙሉ የሥራ ማስታወቂያ ሳይ እውላለሁ፣ ማታ ማታ ራሴን መጥላት ጀምሬያለሁ። ኢኮኖሚው እስኪስተካከል ልቀመጥ ወይስ ልቀጥል? ከቀጠልኩስ ተስፋ ሳልቆርጥ እንዴት?

መልስ፦ እህቴ፣ ከጻፍሽው ሁሉ ያሳሰበኝ «ራሴን መጥላት ጀምሬያለሁ» የሚለው ነውና ከእሱ ልጀምር። 58 ቀጣሪዎች ዝም ሲሉሽ ዝምታቸውን በአንቺ ላይ እንደተሰጠ ፍርድ ቆጥረሽዋል። እስቲ ቁጥሩን አብረን እናስላው። አንድ ማመልከቻ ለቃለ መጠይቅ የማስጠራት ዕድሉ ከ100 3 ነው እንበል፤ ያንቺ 2 ከ60 ለዚህ ቅርብ ነው። በዚህ ዕድል 30 ማመልከቻ ያስገባ ሰው አንድም ጥሪ ሳይደርሰው ሊቀር የሚችልበት ዕድል 40 በመቶ ነው። እኩል ችሎታ ያላቸው 10 ሰዎች እኩል ቢለፉ፣ የ4ቱ ስልክ ጭራሽ አይጠራም ማለት ነው። እነዚህ አራቱ ከሌሎቹ የሚያንሱበት ነገር የለም። አሁን 3ቱን 6 ብናደርገው፣ ያው 30 ማመልከቻ ያለ አንድ ጥሪ የሚቀርበት ዕድል ወደ 16 በመቶ ይወርዳል። ገበያውን ማሞቅ አትችዪም፤ 3ቱን 6 ማድረግ ግን በእጅሽ ነው። ተስፋሽን እዚህ ላይ እሰሪው።

አትቀመጪ። ቅጥር ብዙውን ጊዜ ከኢኮኖሚው ኋላ ነው የሚከተለው። በአሜሪካ ትልቁ የኢኮኖሚ ቀውስ ያበቃው እ.ኤ.አ. በጁን 2009 ነበር፤ ሥራ አጥነት ጣሪያ ነክቶ 10 በመቶ የደረሰው ግን ከዚያ በኋላ በኦክቶበር ነው። ሥራ ሲነቃቃ ቀጣሪ መጀመሪያ ያሉትን ሠራተኞች ትርፍ ሰዓት ያሠራል፣ ቀጥሎ ጊዜያዊ ሠራተኛ ይወስዳል፣ ቋሚ ቅጥር የሚያወጣው መጨረሻ ላይ ነው። ስለዚህ የ3 ወር ኮንትራት፣ የወሊድ ፈቃድ ምትክ፣ በበጀት ዓመት መዝጊያ የሚወጣ የሒሳብ ሥራ ሲገኝ «ቋሚ አይደለም» ብለሽ አትለፊው፤ ቀድሞ የሚከፈተው በር እሱ ነው። ደግሞም በክፉ ጊዜ እንኳ ሰው ይለቅቃል፣ ጡረታ ይወጣል፣ አገር ይቀይራል። በዚያው በ2009 በአሜሪካ በየወሩ ከ3 ሚሊዮን በላይ ሰው ይቀጠር ነበር።

ስለ 8 ወሩ ክፍተት ደግሞ ተመራማሪዎች የሞከሩት ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ2013 በታተመ ጥናት ክሮፍት፣ ላንጌ እና ኖቶዊዲግዶ የተባሉ ምሁራን በ3,000 የሥራ ማስታወቂያዎች ላይ 12,000 ያህል ለሙከራ የተዘጋጁ ሲቪዎች ላኩ። ያለ ሥራ የቆዩበት ጊዜ በረዘመ ቁጥር ጥሪው ቀነሰ፤ ቅነሳው ግን በአብዛኛው በመጀመሪያዎቹ 8 ወራት ውስጥ ነበር፣ ከዚያ ወዲያ ብዙም አልወረደም። ሥራ በጠፋባቸው ከተሞች ደግሞ ክፍተቱ የሚያስከፍለው ዋጋ አነስተኛ ሆኖ ተገኘ፤ ሁሉም ሥራ ሲያጣ ቀጣሪው «ይቺ ልጅ ምን ሆና ነው?» ብሎ የሚጠይቅበት ምክንያት ያንሳልና። የፈራሽውን ዋጋ በአብዛኛው ትናንት ከፍለሽዋል።

አሁን ማመልከቻሽ ወደሚያፈስስበት ቀዳዳ እንሂድ። ለመደቡ ተብለው የተዘጋጁ 20 ማመልከቻዎች አስገብቶ አንድም ያልተጠራ ሰው ችግሩን መጀመሪያ መፈለግ ያለበት ሲቪው ላይ ወይም በሚያመለክትበት ቦታ ምርጫ ላይ ነው። 5 ጊዜ ተጠርቶ ያልተቀጠረ ደግሞ ቃለ መጠይቁ ላይ ይፈልገው። አንቺ ከ60 የተጠራሽው 2 ጊዜ ብቻ ስለሆነ ለመጀመሪያው ትቀርቢያለሽ። ስለዚህ አሁን ገንዘብና ጊዜ ከፍለሽ የቃለ መጠይቅ ሥልጠና ብትወስጂ የማያፈስሰውን ጣሪያ መጠገን ይሆንብሻል።

ሲቪሽ ላይ ምናልባት እንዲህ የሚል መስመር ይኖራል፦ «በኢንተርንሺፕ ወቅት የተለያዩ የሒሳብ ሥራዎችን አግዣለሁ።» ይህ የማንም ምሩቅ ሲቪ ሊሆን ይችላል። በእውነት የሠራሽው ከሆነ እንዲህ አድርጊው፦ «በ2 ወር ኢንተርንሺፕ የ3 ባንክ ሒሳቦችን ወርሃዊ ሪኮንሲሌሽን (ማመሳከር) በኤክሴል ሠርቻለሁ፤ ያልተመሳከሩ ክፍያዎችን ዘርዝሬ በየወሩ ለኃላፊዬ አቅርቤያለሁ።» ሁለተኛው ምን፣ ስንት፣ በምን መሣሪያ፣ ለማን የሚሉትን አራት ጥያቄዎች ይመልሳል። ብዙ መቶ ሲቪ የተቆለለበት ሰው አንዱን በጥሞና ለማንበብ ጊዜ የለውም፤ በማስታወቂያው ላይ የጻፋቸውን ቃላት ነው በዓይኑ የሚፈልገው። ማስታወቂያውን አትመሽ የሥራ ስሞቹን አስምሪባቸው። እነሱ «ፔይሮል» ካሉ አንቺም «ፔይሮል» በዪ፣ «የደመወዝ ሥራ» ብለሽ ቃሉን ፍለጋ አታድክሚያቸው። ከተዘረዘሩት 10 መስፈርቶች 6ቱን ካሟላሽ አመልክቺ፤ 2ቱን ብቻ ከሆነ ግን ተዪው፣ ትርፉ ሌላ ዝምታ ነው። ፋይሉንም ስካን በተደረገ ፎቶ አትላኪ፤ ሲቪ የሚለዩ ሶፍትዌሮች ፎቶ ላይ ያለ ጽሑፍ ላያነቡ ይችላሉ። ስልክ ቁጥርሽን ደግሞ ከሲቪው ላይ እያየሽ ራስሽ ደውይበት። አንድ አኃዝ ተሳስቶ ወራት ያለፉበት ሰው ጥቂት አይደለም።

ማስታወቂያ ከሚያመጣው በላይ ሰው ያመጣል። ማርክ ግራኖቬተር የተባለ የሶሺዮሎጂ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተመው ጥናት፣ በሰው በኩል ሥራ ካገኙት መካከል ወሬውን ካመጣላቸው ሰው ጋር ዘወትር የሚገናኙት 17 በመቶ ያህል ብቻ ነበሩ። የቀሩት አልፎ አልፎ ወይም እምብዛም ከማያገኙት ሰው ነው የሰሙት። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የቅርብ ጓደኛሽ የሚያውቀውን አንቺም ታውቂያለሽ። ስለዚህ አንድ ወረቀት አውጪና ከቅርብ ክበብሽ ውጭ ያሉ 30 ሰዎች ጻፊ፦ ሁለት ዓመት የቀደሙሽ ተማሪዎች፣ የኢንተርንሺፕ ኃላፊሽ፣ መመረቂያ ጽሑፍሽን ያማከሩሽ መምህር። ብዙዎች እዚህ ላይ የሚሳሳቱት «ሥራ ካለ አስታውሱኝ» ብለው መላካቸው ነው። ተቀባዩ በእጁ ሥራ ስለሌለው ያፍራል፣ አፍሮም ዝም ይላል። ሊመልሰው የሚችለውን ጠይቂው፦

«ሰላም ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? ባለፈው ዓመት በእርስዎ ክፍል ኢንተርንሺፕ የሠራሁት ነኝ። አሁን የጀማሪ ሒሳብ ሠራተኛ ቦታ እየፈለግሁ ነው። እናንተ ዘንድ ለጀማሪ የትኛው ሶፍትዌር እንደሚጠየቅ ለማወቅ 15 ደቂቃ በስልክ ቢሰጡኝ? ማክሰኞ ወይም ሐሙስ የሚመችዎት ሰዓት ካለ እደውላለሁ።»

በሳምንት 5 እንዲህ ያለ መልእክት ይበቃል። በ7 ቀን ካልመለሱ አንድ ጊዜ በትሕትና አስታውሺ፣ ከዚያ በላይ አትጎትጉቺ። የነገሩሽን ተጠቅመሽ ከሆነ ደግሞ ተመልሰሽ ንገሪያቸው፤ በሰው ልብ ውስጥ የሚያስቀርሽ ይህ ሁለተኛው መልእክት ነው።

ቀኑን ሙሉ ማስታወቂያ ማየትሽን ግን ዛሬውኑ አቁሚ። በ1930ዎቹ መጀመሪያ ማሪ ያሆዳና ባልደረቦቿ በኦስትሪያዋ ማሪየንታል መንደር ፋብሪካ የተዘጋባቸውን ሰዎች አጥንተው ነበር። ሰዎቹ ጊዜ ተትረፍርፎላቸው ሳለ ከቤተ መጻሕፍት የሚዋሱት መጽሐፍ ቀነሰ፣ አረማመዳቸው ዘገመ፣ ብዙዎቹ ወንዶች ሰዓት መያዝ ተዉ። ወሰን የሌለው ቀን ጉልበት ይበላል። ስለዚህ ለፍለጋው ወሰን አብጂለት፦ በሳምንት 5 ቀን፣ ጠዋት ከ3 እስከ 6 ሰዓት። የመጀመሪያውን 30 ደቂቃ ማስታወቂያ ለማየት፣ የቀረውን አንድ ማመልከቻ በደንብ ለመሥራት ወይም ሰው ለማነጋገር። ከሰዓት በኋላ የጎደለሽን አንድ ክህሎት ተለማመጂ፤ በኤክሴል ፒቮት ቴብል (ብዙ መረጃን በአጭሩ የሚያጠቃልል ሠንጠረዥ) መሥራት ካቃተሽ ከእሱ ጀምሪ። ከምሽት 12 ሰዓት ወዲያ ማስታወቂያም ኢሜይልም አይከፈት።

እምቢታም ይመጣል፤ ሳይመጣ ተዘጋጂለት። በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ለሥራ ፈላጊዎች በተሠራ የታወቀ ሥልጠና ውስጥ አንዱ ዋና ክፍል ይኸው ነበር፦ ሊያጋጥም የሚችለውን መሰናክል አስቀድሞ መገመትና ምላሹን ማዘጋጀት። ግድግዳሽ ላይ ለጥፊው፦ «ከቃለ መጠይቅ በኋላ እምቢ ካሉኝ፣ በ24 ሰዓት ውስጥ አመስግኜ ምን ቢጨመር ይሻል እንደነበር አንድ ጥያቄ እጠይቃለሁ፤ ከዚያ ያን ቀን ፍለጋ የለም።» በሐዘን ላይ ሳለሽ ውሳኔ አትወስኚም፣ የተወሰነውን ትፈጽሚያለሽ። ማታ ሐሳቡ ሲያንገላታሽ ደግሞ ጻፊው። ጄምስ ፔነቤከር ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ1994 ባሳተመው ጥናት፣ ከሥራ የተባረሩ ባለሙያዎች ለ5 ቀናት በቀን 20 ደቂቃ ስለ ስሜታቸው ሲጽፉ፣ ካልጻፉት ፈጥነው ሥራ አገኙ። የጻፉት ብዙ ደብዳቤ ስላስገቡ አልነበረም፤ ተመራማሪዎቹ እንደሚገምቱት ቁጭቱን ቀድመው ስላወጡት ቀጣሪ ፊት ይዘውት አልቀረቡም። ራስን መጥላቱ ግን ከሁለት ሳምንት በላይ እንቅልፍና የምግብ ፍላጎት ከነሳሽ፣ ወይም ሞትን የሚያስመኝ ሐሳብ ከመጣብሽ፣ ሲቪውን ተዪና በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ሂጂ፤ ለቅርብ ሰውሽም ንገሪ። ይህ ከማንኛውም ማመልከቻ ይቀድማል።

ከሰኞ ጀምሮ በአንድ ደብተር ላይ አራት ቁጥሮች ብቻ መዝግቢ፦ በደንብ የተሠራ ማመልከቻ፣ የተላከ መልእክት፣ ያነጋገርሽው ሰው፣ የተጠራሽበት ቃለ መጠይቅ። ሳምንትሽን «ጥሩ ነበር» ወይም «መጥፎ ነበር» የምትዪው በመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ነው፤ እነሱ ሙሉ በሙሉ ያንቺ ናቸው። ከ4 ሳምንት በኋላ አራቱን ቁጥሮችና አዲሱን ሲቪ ላኪልኝ፤ ቀዳዳው ወደ የት እንደተዛወረ አብረን እናያለን።