ቴስቱ አረንጓዴ፣ ካርዱ ግን አልሄድ አለ

አንድ የኮምቦልቻ አንባቢ ለጭነት መኪኖች ተራ ማስያዣ ዌብ አፕ እየሠራ ነው። አሠራሩ የመኪናውን ካርድ በማውስ ጎትቶ «የሚጠብቅ» ከሚለው ዓምድ «የተጫነ» ወደሚለው መጣል ነው። «ብሮውዘሩን በራሱ በሚነዳው የቴስት መሣሪያ፣ በሰሌኒየም፣ ስሞክረው አልንቀሳቀስ ሲለኝ፣ ኢንተርኔት ላይ ያገኘሁትን የጃቫስክሪፕት ቁራጭ ጨመርኩበት። አሁን ቴስቱ ያልፋል። ተራ አስከባሪዎቹ ግን ካርዱ ተመልሶ ቦታው ይሄዳል ይሉኛል» ይላል።

አብሽር ወንድሜ። እኔም ደሴ ላይ ለአንድ መጋዘን ስሠራ በዚሁ ተሸውጃለሁ። ሁለት ቀን ሙሉ ብሮውዘሩን ስረግም ነበር።

ያ ቁራጭ ኮድ ምንም አይጎትትም። «ድራግስታርት»፣ «ድራግኦቨር»፣ «ድሮፕ» የሚባሉትን ኢቨንቶች (መጎተት ሲጀመር፣ ካርዱ ዓምዱ ላይ ሲያልፍና ሲጣል ብሮውዘሩ የሚልካቸውን ምልክቶች) ራሱ በተራ ይተኩሳቸዋል። ሰው በእጁ ሲጎትት ግን ብሮውዘሩ መጀመሪያ ይጠይቃል። ካርዱ ዓምዱ ላይ ሲያልፍ በ«ድራግኦቨር» ላይ «ፕሪቬንትዲፎልት» (የብሮውዘሩን የተለመደ ምላሽ የሚያስቆመው ትእዛዝ) ካልተጠራ፣ ቦታው አይቀበልም ብሎ «ድሮፕ»ን ጭራሽ አይልከውም። ያንተ ቴስት በሩ ተዘግቶ ሳለ በመስኮት ገብቶ «ደርሻለሁ» እያለህ ነው።

ስለዚህ የ«ድራግኦቨር» ሃንድለርህን (ኢቨንቱ ሲመጣ የሚሠራውን ኮድ) ክፈት። ፕሪቬንትዲፎልት አለ? ካለስ «ኢፍ» (ቅድመ ሁኔታ) ውስጥ ተወሽቆ አንዳንዴ ሳይጠራ ይቀራል? የኔው ጉድ እዚያ ነበር የተደበቀው።

ከዚያ ቁራጩን አውጥተህ ጣለው። እኔ ብሆን በሌላ የቴስት መሣሪያ፣ በፕሌይራይት፣ እሠራዋለሁ፦ ማውሱን ካርዱ ላይ አድርስ፣ ተጫን፣ ወደ ዓምዱ ሁለት ጊዜ አንቀሳቅስ፣ ልቀቅ። ሁለት ጊዜ ያልኩት ተሳስቼ አይደለም። በአንድ እንቅስቃሴ ብቻ «ድራግኦቨር» በአንዳንድ ብሮውዘር ላይነሳ ይችላል። (እንደ ዲኤንዲ ኪት ያለ ለመጎተት የተዘጋጀ ላይብረሪ ብትጠቀም ኖሮ ነገሩ ሌላ ነበር፤ እሱ የሚያዳምጠው የድራግ ሳይሆን የፖይንተር፣ ማለትም የማውስና የጣት፣ ኢቨንት ነው።)

ካርዱ ስክሪን ላይ መዛወሩን ብቻ አይተህ ቴስቱን አትዝጋ። ገጹን ሪፍሬሽ አስደርገው። አሁንም «የተጫነ» ሥር ከተገኘ ሰርቨሩ ጋ ደርሷል ማለት ነው።

አንድ ልጨምር። ተራ አስከባሪ ላፕቶፕ ይዞ አይዞርም፣ በስልክ ነው የሚከፍተው። የብሮውዘሩ ድራግ ደግሞ በጣት ሲሆን አይታመንም። ካርዱ ላይ «ተጭኗል» የሚል ቁልፍ አድርግላቸው። በ2023 የወጣው የተደራሽነት መመሪያ፣ ደብሊውሲኤጂ 2.2ም፣ በመጎተት የሚሠራ ነገር ሳይጎተት በመንካት ብቻም እንዲሠራ ይጠይቃል። ለቁልፉም ቴስት ጻፍለት፤ አንድ ክሊክ ናት፣ አታለፋህም።