ባቡሩ ለምን ሐረር አልገባም?

ጥያቄ፦ የተከበሩ መምህር፣ የሁለተኛ ዓመት የታሪክ ተማሪ ነኝ። «የምድር ባቡርና የኢትዮጵያ ከተሞች» በሚል ርእስ 2,000 ቃላት ያለው ድርሰት በእንግሊዝኛ እንድንጽፍ ታዘናል። አሥር ቀን ቀርቶኛል። አርባ ገጽ ማስታወሻ ይዣለሁ፤ የመግቢያውን የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር ግን እየጻፍኩ እሰርዛለሁ። ትውልዴ ድሬዳዋ ነው፤ አያቴም በምድር ባቡር ጥገና ክፍል የሠሩ ናቸው። የእሳቸው ትዝታ በእንዲህ ያለ ጽሑፍ ይገባል? ከየትስ ልጀምር?

መልስ፦ ልጄ፣ መግቢያውን ለጊዜው ተዪው። ምን እንደምታረጋግጪ ሳታውቂ ለአንባቢ ምን ብለሽ ታስተዋውቂዋለሽ? መግቢያ በመጨረሻ ይጻፋል።

ብዕርሽን የያዘው ሌላ ነገር ይመስለኛል። የተሰጣችሁ ርእስ እንጂ ጥያቄ አይደለም፤ ጥያቄውን የምታወጪው አንቺ ነሽ። ድሬዳዋ ተወልደሽ ከደጅሽ መነሣት ስትችዪ ስለ ኢትዮጵያ ከተሞች ሁሉ ለመጻፍ አትድከሚ። አጼ ምኒልክ እ.ኤ.አ. በ1894 ለስዊሳዊው መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ በሰጡት ፈቃድ፣ ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ ሐረር እንዲገባ፣ ከዚያም ወደ እንጦጦ እንዲቀጥል ነበር የታሰበው። ተራራውን መውጣት ግን ከባድና ውድ ሆነ። ሐዲዱ እ.ኤ.አ. በ1902 መጨረሻ ከተራራው ግርጌ ሜዳው ላይ ደረሰ፤ እዚያ የበቀለችውን ከተማ በመጀመሪያ «አዲስ ሐረር» አሏት። የአንቺ ከተማ ናት። እንግዲህ እንዲህ ብለሽ ጠይቂ፦ የሲራራ ነጋዴ መናኸሪያ የነበረችው ሐረር ባቡሩ ሲያልፋት ምን አጣች?

መልሱን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፊ፤ በመጀመሪያ በቤትሽ ቋንቋ፣ ከዚያ በእንግሊዝኛ። በእንግሊዝኛ ብቻ ሲታሰብ ያልጠራ ሐሳብ ከትልልቅ ቃላት ጀርባ ይደበቃል፤ በዚህ መንገድ ጎበዝ ልጆች ሲጎዱ አይቻለሁ። ለምሳሌ «ባቡሩ አዲስ ንግድ ከመፍጠሩ ይልቅ የሐረርን ንግድ ወደ ድሬዳዋ ማዛወሩ ያመዝናል» ብትዪ፣ አንድ ሰው ተነሥቶ «የለም፣ ሐረር እኮ የአስተዳደር መቀመጫነቷን አላጣችም» ሊልሽ ይችላል። ደስ ይበልሽ! ለእሱ የምትሰጪው ምላሽ የድርሰቱ እምብርት ነው። «ባቡር ለኢትዮጵያ ጠቀመ» ብትዪ ግን ማን ይሟገትሻል?

አሁን አርባውን ገጽ አውጪና ለይው፦ ሐሳብሽን የሚደግፍ፣ የሚቃወም፣ ሁለቱንም ያልሆነ። ሦስተኛው ክምር ትልቁ ይሆናል። ባቡሩ እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ ስለ መግባቱ የሰበሰብሽው ሁሉ ምናልባት እዚያ ይወድቃል። የለፋሽበት ስለሆነ ያንገበግባል፤ ቢሆንም አስቀሪው። የድሬዳዋን የከዚራ ሰፈር ቀጥ ያሉ ጎዳናዎችና ከደቻቱ ወንዝ ማዶ ያለውን የመጋላ ሰፈር ብትገልጪም ውበቱ ብቻውን አይበቃም፤ ገለጻው ከተማዋ ለማን ጥቅም እንደ ተቀየሰች ካሳየ ይግባ፣ ካላሳየ ይቅር። ዓመተ ምሕረትም ተጠንቀቂ። አንዱ መጽሐፍ 1902፣ ሌላው 1895 ቢል ስለ አንድ ነገር እየተናገሩ ሊሆን ይችላል፤ አንዱን አቆጣጠር መርጠሽ እስከ መጨረሻው በእሱ ጽኚ።

እኔ ተማሪ ሳለሁ ከሁለት መጻሕፍት የለቀምኳቸውን አንቀጾች ቃል በቃል ሰፍቼ አስረክቤ ነበር። መምህሬ ውጤት አልሰጡኝም፤ ኅዳጉ ላይ «ይህ የማን ድምፅ ነው?» ብለው ጽፈው መለሱልኝ። እስከ ዛሬ ይሰማኛል። ከዚያ ወዲህ የሌላ ሰው ቃል ስቀዳ ወዲያው በትእምርተ ጥቅስ አስገባዋለሁ፤ የመጽሐፉን ስምና ገጹንም እዚያው እጽፋለሁ። አንቺም ዛሬውኑ ጀምሪ፤ በአሥረኛው ቀን ሌሊት የትኛው ያንቺ፣ የትኛው የደራሲው እንደሆነ አታስታውሺም። ኮምፒውተር ጽፎ የሚሰጥሽን አንቀጽም አትመኚው፤ በዓለም ላይ የሌለ መጽሐፍ በምንጭነት ሊጠራልሽ ይችላል፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ሐሳብሽን የምታጠሪበትን ልፋት ይወስድብሻል።

ወደ አያትሽ ልመለስ። አዎ፣ ትዝታቸው ይገባል፤ ግን በልኩ። ሐዲዱ ድሬዳዋ ሲደርስ አልነበሩምና ስለዚያ የሚነግሩሽ የሰሙትን ነው፤ የሰሙትንና ያዩትን ለይተሽ መዝግቢ። ፈቃዳቸውን ጠይቂ፤ ያነጋገርሻቸውን ቀንና ቦታ በግርጌ ማስታወሻ አስፍሪ። «ባቡሩ ጥሩ ነበር?» ብለሽ ግን አትጠይቂያቸው። በሥራ ዘመናቸው ሐረር የወጡት ለምን እንደ ነበር ጠይቂያቸው፦ ምን ለመግዛት፣ ምን ለመሸጥ፣ ወይስ የትኛውን ጉዳይ ለማስፈጸም?