ስለ ስኖውቦርድ ለጠየቀኝ ልጅና ለእኩዮቹ

ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጅማ፣ ፈረንጅ አራዳ በሚገኘው ቤቴ በረንዳ ላይ ሁለተኛውን ቡና ስጠጣ የጎረቤቴ ልጅ ስልኩን ይዞ መጣ። በመስከረም ለሁለተኛ ዲግሪ ወደ ኢንስብሩክ፣ ኦስትሪያ ይሄዳል። ገና ወንበር ሳይስብ የሦስት ስኖውቦርዶችን (ሁለቱን እግር አስረው፣ ጎን ለጎን ቆመው በበረዶ ቁልቁለት የሚንሸራተቱባቸውን ሰሌዳዎች) ፎቶግራፍ አሳየኝና «ጋሼ፣ እርስዎ እዚያ ተምረዋል፤ ለካርቪንግ ከእነዚህ የትኛውን ልግዛ?» አለኝ። ልመልስለት ስል ቃሉ ጉሮሮዬ ላይ ቀረ። ልጁ ያልሰማሁት መስሎት ጥያቄውን ድምፁን ከፍ አድርጎ ደገመው። ሰምቼዋለሁ። ይኸንኑ ጥያቄ አንድ ጓደኛዬ ከሩብ ምዕተ ዓመት በፊት ጠይቆኝ በአንድ ትንፋሽ መልሼለት ነበር፤ ዝም ያሰኘኝም እሱ ነው። ደብዳቤውን የምጽፈው ለዚህ ልጅ ቢሆንም፣ በየዓመቱ ወደ በረዶ አገር የምትሄዱ ሌሎች ወጣቶችም እንድታነቡት እፈልጋለሁ።

ጅማ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,700 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስትገኝ ኢንስብሩክ ያለችው 574 ሜትር ላይ ነው፤ ሆኖም በረዶው ለእነሱ እንጂ ለእኛ አልተሰጠም። እኛ የምናውቀው በክረምት ቆርቆሮውን የሚደበድበውን ጠጠር ነው። አማርኛችንም ያንን ጠጠር፣ ከማቀዝቀዣ የሚወጣውንና ተራራ ላይ እንደ ዱቄት የሚከመረውን ሁሉ አብዛኛውን ጊዜ «በረዶ» በሚል አንድ ስም ይጠራል። ስኖውቦርድ ለሚነዳ ሰው ግን እነዚህ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ከሁሉም አስቸጋሪው ቀን ፀሐይ ያቀለጠው በረዶ ሌሊት ተመልሶ ሲጠነክር፣ ጠዋት ላይ የሚገኘው ነው፤ የቦርድህ ስለት፣ ማለትም የብረት ጠርዙ፣ ምን ዓይነት እንደሆነ የሚነግርህም እሱ ነው።

ካርቪንግ ምን እንደሆነ ለማያውቁት በአጭሩ ልግለጽ። ጀማሪ ሲታጠፍ ቦርዱን በጎኑ እያንሸራተተ በረዶውን ይጠርገዋል። ካርቪንግ የሚችል ሰው ግን ቦርዱን በብረት ጠርዙ ላይ ያጋድለዋል፤ ቦርዱ ከመካከሉ ቀጠን ብሎ የተቆረጠ በመሆኑ ሲጋደል ይጎብጣል፣ በጎበጠበትም መስመር ሳይንሸራተት ይዞራል። ዞር ብለህ ስታይ ከኋላህ የምታገኘው እንደ ክር የቀጠነ መስመር ነው። አባቴ ሂርማታ መርካቶ አካባቢ ከዋንዛ ግንድ ያለ ሚስማር ባለ ሦስት እግር በርጩማ የሚፈለፍል ሰው ነበር፤ በመሮ የሚያወጣው መስመር በትክክል ያንን ይመስል ነበር። በሂሳብ ረገድ የጎኑ ጥምዝ ራዲየስ 10 ሜትር የሆነ ቦርድ በጠንካራ በረዶ ላይ 60 ዲግሪ ቢጋደል፣ የሚዞርበት ክብ ራዲየስ ወደ 5 ሜትር ያህል ይጠባል። ይህችን ስሌት አስታውሷት፤ የጓደኛዬ ነገር ከዚህችው ማጋደል ጋር የተያያዘ ነውና።

እኔ ኢንስብሩክ የደረስሁት እ.ኤ.አ. በ1995 ነበር። በሁለተኛው ክረምት አንድ መጽሔት ላይ እጁ በረዶውን እስኪነካ የተጋደለ ሰው ፎቶግራፍ አየሁና ከዚያ ቀን ጀምሮ ሌላ ነገር አልታየኝም። በብዙ ድካም መታጠፍ ቻልሁ፤ እንደቻልሁም አዋቂ ሆንሁ። በየካቲት 1998 ስኖውቦርድ ለመጀመሪያ ጊዜ በናጋኖ የክረምት ኦሊምፒክ ውስጥ ሲገባ፣ እኛ ሐበሾቹ ተማሪዎች በዶርሙ የጋራ ሳሎን ተሰብስበን ካናዳዊው ሮስ ሬባግሊያቲ በጃይንት ስላሎም (በተተከሉ ምልክቶች መካከል እየታጠፉ ቁልቁል በሚወረድበት ውድድር) የመጀመሪያውን ወርቅ ሲወስድ ተመለከትን። (በዚያው ሰሞን እናቴ የላከችውን ቡና ስንቆላ የጭሱ ደወል ጮኾ የሕንጻው ነዋሪ በሙሉ በሌሊት ልብሱ ደጅ ወጥቶ ነበር፤ ይህን የምጽፈው ለምክር ሳይሆን ስለናፈቀኝ ነው።) ጓደኛዬ ክራር ይጫወት ነበር። ቅዳሜ ማታ እሱ ሲመታ እኛ እናጨበጭባለን፣ ከአገራችን የራቅን አይመስለንም ነበር። ከናጋኖ በኋላ እሱም ቦርድ ልግዛ አለና እኔን አማከረኝ።

አንድ ያገለገሉ ዕቃዎች የሚሸጡበት ቤት ሄድን። እዚያ 159 ሴንቲ ሜትር የሚረዝም፣ ጥቁር፣ ወገበ ቀጭን፣ በእውነት የሚያምር ቦርድ ተሰቅሎ ነበር፤ ዋጋውም ርካሽ ነበር። «ይኸው፣ ለካርቪንግ ከዚህ የተሻለ አታገኝም» አልሁት። የእግሩን ልክ አልጠየቅሁትም። ክብደቱንም አልጠየቅሁትም። የእጅ አንጓ መከላከያ ሲያነሳ ደግሞ «ይህ የሕፃናት ነው» ብዬ መልሶ እንዲያስቀምጠው ያደረግሁት እኔ ነኝ።

ከአሥር ቀን በኋላ ፓቸርኮፍል ወጣን። ይህ 2,246 ሜትር ከፍታ ያለው፣ በ1964 እና በ1976 የኦሊምፒክ የወንዶች የስኪ ቁልቁለት ውድድር የተካሄደበት፣ ከከተማው ሆነህ በመስኮት የምታየው ተራራ ነው። ማለዳ ነበር፤ ማሽኑ ያበጠረው መንገድ ሌሊቱን ደርቆ እንደ ሸክላ ይጮኻል። ጓደኛዬ በተረከዙ በኩል ሁለት ጊዜ በሚገባ ታጠፈ፣ እኔም ከታች ሆኜ «አጋድል! አጋድል!» እያልሁ ጮኽሁ። በሦስተኛው በጣቱ በኩል ታጠፈና እንዳልሁት አጋደለ። በዚያች ቅጽበት የጫማው ጫፍ በረዶውን ሲነካ አየሁ። ትንሽ ነጭ ብናኝ ከጣቱ ሥር ተነሣ፤ ወዲያው የቦርዱ ስለት ከመስመሩ ወጣ፣ ልክ መሮ እንጨት ውስጥ ያለ አንጓ ሲያገኝ እንደሚዘልለው። ቀኝ እጁን ዘርግቶ ወደቀ። ድምፁን እኔ ከሠላሳ ሜትር ርቀት ሰማሁት።

የእጅ አንጓው ሁለት ቦታ ተሰብሮ ነበር። ብረት ገባለት፣ ሴሚስተሩ አለፈው፣ አጥንቱ ዳነ። አንጓው ግን እንደ ቀድሞው አልታጠፍ አለ፤ የክራር ምት ደግሞ ያለ እሱ አይሆንም። ክራሩ ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ ቀረ።

ከሆስፒታል የተመለስን ዕለት ማታ ቦርዱን አልጋዬ ላይ ዘርግቼ በማስመሪያ ለካሁት። የእግሩ ርዝመት 29 ከግማሽ ሴንቲ ሜትር ነው፤ ጫማው ከውጭ ሲለካ 32 ይሆናል። እግሩ የሚያርፍበት የቦርዱ ወርድ ግን ከ25 አይበልጥም ነበር፤ ጫማውን ከቦርዱ ጋር የሚይዙት ማሰሪያዎችም ከሞላ ጎደል ለቦርዱ ርዝመት መስቀለኛ ሆነው ነበር የታሰሩት። ስለዚህ ጫማው በየጎኑ ከ3 ሴንቲ ሜትር በላይ ወጥቷል፤ ሶሉ ከበረዶው ያለው ከፍታ ደግሞ ከማሰሪያው ጋር 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። 3 በ3 ማለት 45 ዲግሪ ነው። ከዚያ በላይ ያጋደለ ሁሉ ጣቱ በረዶ ይነካል፣ ስለቱም ይነሣል። ይህ የመለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ ጂኦሜትሪ ነው፤ እኔ ደግሞ የሜካኒካል ምሕንድስና ተማሪ ነበርሁ። በኋላ እዚህ ጅማ ባስተማርሁባቸው ዓመታት ይህንኑ ስሌት ለፈተና ደጋግሜ ሰጥቻለሁ፤ ከየት እንዳመጣሁት ግን ለአንድም ተማሪ ነግሬ አላውቅም።

ለጓደኛዬም አልነገርሁትም። «እኔው ነኝ አለመጠን ያጋደልሁት» ሲል፣ እኔ ከታች ሆኜ «አጋድል» እያልሁ እንደ ጮኽሁ እያወቅሁ፣ ዝም አልሁ። ዛሬ ቪየና ይኖራል፤ ለገናና ለፋሲካ እንደዋወላለን፤ አንድ ቀንም ወቅሶኝ አያውቅም፤ የሚወቀስበትን ነገር አላወቀማ።

ስለዚህ ጫማ አስቀድሙ። እግር ውሎ ሲመሽ ትንሽ ስለሚያብጥ የምትለኩት ማታ ይሁን፤ ተረከዛችሁን ግድግዳ አስደግፋችሁ ወረቀት ላይ ቁሙና ከግድግዳው እስከ ረጅሙ ጣት ያለውን በሴንቲ ሜትር ያዙ። የስኖውቦርድ ጫማ ቁጥር ይኸው ርዝመት ራሱ ነው። በአንድ ስስ ካልሲ ሞክሩት፣ ሁለት አትደርቡ። ቀጥ ብላችሁ ስትቆሙ ጣታችሁ ጫፉን ይንካ፣ ጉልበታችሁን አጠፍ ስታደርጉ ወደ ኋላ ይሽሽ፣ ተረከዛችሁ ግን ከቦታው አይነሣ። ተረከዝ የሚነሣበት ጫማ ስለቱን አያዝዝም፤ እናንተ ስታጋድሉ ቦርዱ ዘግይቶ ይሰማል። ያገለገለ ጫማ የሌላ ሰው እግር ነውና ሌላው ሁሉ ቢቆጠብ ጫማው አዲስ ይሁን።

ቦርዱ ያገለገለ ቢሆን ግድ የለም። እንዲያውም የመጀመሪያውን ክረምት ተከራይታችሁ እለፉ እላለሁ፤ ነገር ግን የኪራይ ቦርዶች አብዛኞቹ ለስላሳና ስለታቸው የዶለዶመ በመሆኑ ካርቪንግ በእነሱ መማር ይከብዳል፣ ስለዚህ ያልሁትን መልሼ እያፈረስሁ እንደሆነ ይገባኛል። ማቆምና መታጠፍ በኪራይ ይቻላል፤ ከዚያ በኋላ የራሳችሁን ፈልጉ። ወርዱ ከጫማችሁ ጋር የሚመጣጠን መሆኑን ከቀለሙ በፊት እዩ። እግራችሁ ትልቅ ከሆነ ሰፊ ቦርድ ግዙ፤ አለዚያ ማሰሪያዎቹን ወደ ቦርዱ የፊት ጫፍ በኩል አዙሯቸው፤ የፊተኛውን ወደ 30፣ የኋለኛውን ወደ 15 ዲግሪ ብታደርጉት ጫማው በሰያፍ ስለሚቀመጥ ከጠርዙ የሚወጣው ይቀንሳል። ርዝመቱን በቁመታችሁ ሳይሆን በክብደታችሁ ምረጡ። መሬት ላይ ስታስቀምጡት ወገቡ እንደ ደጋን ከፍ የሚል ይሁን፤ ስትጫኑት ደጋኑ ተዘርግቶ ስለቱን በሙሉ ርዝመቱ በረዶው ላይ ያሳርፈዋል። የጎኑ ጥምዝ ለጀማሪ 8 ወይም 9 ሜትር ቢሆን ይበቃል። ጠንካራ የፕላስቲክ ጫማ የሚለበስባቸው፣ ወገባቸው ወደ 20 ሴንቲ ሜትር የሚጠብ የውድድር ቦርዶች አሉ፤ እግር በእነሱ ላይ 50 እና 60 ዲግሪ ዞሮ ስለሚታሰር ጠባብነቱ አይጎዳም። ውብ ናቸው፣ እኔም እወዳቸዋለሁ፤ ለጀማሪ ግን አይደሉም። የጓደኛዬ ቦርድ የእነሱን መልክ ይዞ ነበር እኔን ያታለለኝ።

ስለቱን ሳታዩ ገንዘብ እንዳትከፍሉ። የአውራ ጣታችሁን ጥፍር በጠርዙ ላይ አግድም ጎተት አድርጉት፤ ነጭ የጥፍር ብናኝ ካላወጣ ዶልዱሟል ማለት ነው። ዝገት በሞረድ ይለቃል፤ የጎኑን ጠርዝ ወደ 88 ዲግሪ አስሞርዱት፣ ከዚያ በመሳያ ድንጋይ አለስልሱት። አባቴ ጠዋት ጠዋት ዋንዛውን ከመንካቱ በፊት መሮውን ሩብ ሰዓት ይስለው ነበር። በልጅነቴ ያንን ሩብ ሰዓት እንደ ባከነ ጊዜ እቆጥረው ነበር።

ሙቅ ልብስ ልበሱ ብዬ አልመክርም፤ እሱን እናቶቻችሁ ይነግሯችኋል። ሄልሜትና የእጅ አንጓ መከላከያ ግን ይኑራችሁ፤ ጀማሪ የስኖውቦርድ ነጂ አብዝቶ የሚሰበረው እዚያው አንጓው ላይ ነው። የዘመኑ ልጆች የአሥራ አምስት ሴኮንድ ቪዲዮ አይታችሁ፣ መቆም ሳትችሉ እጃችሁን በረዶው ላይ ልታሳርፉ ትፈልጋላችሁ። እኔ በመጽሔት ፎቶግራፍ ያበድሁት ሰውዬ ይህን ስናገር ፊቴ መቅላቱ አልቀረም። ደግሞ እናንተ ትጠይቃላችሁ፤ እኛ መጠየቅ እንደ ውርደት ነበር የምንቆጥረው። «ሐበሻና በረዶ ምን አገናኛቸው» የሚላችሁ ካለ፣ ሮቤል ተክለማርያም በ2006 በቱሪን በአገር አቋራጭ ስኪ ተወዳድሮ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ የክረምት ኦሊምፒክ ተሳታፊ መሆኑን ንገሩት።

ያን ቅዳሜ ልጁን ጫማውን አስወልቄ በረንዳው ግድግዳ ሥር ወረቀት ላይ አቆምሁት፣ በእርሳስ ምልክት አድርጌም ለካሁት፤ 28 ከግማሽ። ከዚያ ስልኩን ተቀብዬ የሦስቱን ቦርዶች የወገብ ወርድ አንድ በአንድ ፈለግን። ሦስቱም ለእሱ እግር ጠባብ ነበሩ።