ካሜራው ያየውን ለኩ፦ ለጀማሪ አኒሜተሮች

«የተቀረጸበትን ሌንስ ባላውቀውስ? ሶፍትዌሩ ራሱ አያገኘውም ወይ?» አለችኝ አንዲት ልጅ፣ በቅርቡ በሰጠሁት ሥልጠና ላይ። «ብዙ ጊዜ ያገኘዋል» ብዬ አለፍኩት። ሰዓት አልቆ ነበር፤ መልሱም ውሸት አይደለም። ቤቴ ከገባሁ በኋላ ግን አልዋጥልህ አለኝ። ጥያቄዋ ስለ ሌንስ ብዙ ያሳየኝን አንድ ሰው አስታወሰኝ፤ ለዚያ ሰው ዕዳ አለብኝ። ስለዚህ ይህን የምጽፈው ለእሷና እንደ እሷ ኮምፒውተር ላይ የሠራችሁትን ነገር በካሜራ በተቀረጸ ምስል ውስጥ ለማቆም ለምትታገሉ ሁሉ ነው።

ትራኪንግ፣ ማለትም ሶፍትዌሩ በቪዲዮው ላይ ያሉ ነጥቦችን ተከትሎ የካሜራውን እንቅስቃሴ ማግኘቱ፣ እንዴት እንደሚሠራ አላስረዳም። ነጥቦቹን የሚይዘው ምልክት፣ ማርከር፣ የት እንደሚቀመጥም አልነግራችሁም፤ እሱን ዩቲዩብ ከእኔ በተሻለ ያሳያችኋል።

ያኔ የምሠራው ማስታወቂያ በሚያዘጋጅ ድርጅት ውስጥ ነበር። አንድ ቤት አልሚ ገና መሠረቱ ያልተቆፈረ አፓርትመንት ለመሸጥ ፈልጎ፣ ሕንፃው ተሠርቶ በሰፈሩ መካከል ቆሞ እንዲታይለት አዘዘ። በቦታው ላይ የነበረው የቆርቆሮ አጥርና ጥቂት ባሕር ዛፍ ብቻ ነው። ልጆቻችን ሄደው በካኖን 600ዲ ቀረጹት፤ ካሜራው መንገዱን ይዞ ቀስ እያለ ወደ ጎን ይሄዳል። የሰቀሉት ሌንስ 50 ሚሊሜትር እንደሆነ ነገሩኝ። እኔም ማያ (Maya) በሚባለው የ3ዲ ሶፍትዌር ውስጥ ላለው ካሜራ 50 ሰጠሁት። ከዚህ በላይ ምን ይጠየቃል?

ሕንፃውን የመጀመሪያው ፍሬም ላይ ልክክ አድርጌ አስቀመጥኩት። ምስሉ መንቀሳቀስ ሲጀምር ግን ሕንፃው ከአጥሩ ጀርባ መንሸራተት ያዘ። እየጎተትኩ መለስኩት። ከጥቂት ፍሬም በኋላ እንደገና ሄደ። በየአሥር ፍሬሙ ቦታውን የሚይዝ ቁልፍ (ኪፍሬም) እያደረግኩ ስቸክለው ደግሞ መንሸራተቱን ትቶ መወዛወዝ ጀመረ። ማስረከቢያው ቀን እየደረሰ ነው፤ አለቃችን በኋላዬ ያልፋል፣ ይመለሳል።

በቢሮው ውስጥ ሁላችንም «ጋሼ» የምንላቸው አንድ አንጋፋ ካሜራማን ነበሩ። በ16 ሚሊሜትር ፊልም የሠሩ ሰው ናቸው። ፊልሙን በጥቁር ከረጢት ውስጥ በዳበሳ ሲያጎርሱ የሚያሳዩን ጨዋታ ነበራቸው፤ ዓይናቸውን ጨፍነው ወሬያቸውን ሳያቋርጡ ይጨርሱታል። እኛ እንስቃለን። ዲጂታሉ ከመጣ በኋላ ሥራቸው እያነሰ ሄዶ ነበር፤ የሚጠሩት ለቃለ መጠይቅና መብራት ለመትከል ብቻ ነው። ያን ቀን ሻይ ይዘው ከኋላዬ ቆሙና ትንሽ ካዩ በኋላ «ሰፈሩን ከሩቅ ነው ያነሱት፤ ያንተን ሕንፃ ግን ከአጠገቡ ቆመው ነው» አሉኝ።

አልገባኝም። በጣታቸው እያመለከቱ አሳዩኝ። መንገዱ ዳር ያሉት የመብራት ምሰሶዎች እርስ በርስ ተጠጋግተው የተደራረቡ ይመስላሉ፤ የመጨረሻው ከፊተኛው ብዙም አያንስም። የእኔ ሕንፃ በረንዳዎች ግን ከፊት ወደ ኋላ ሲሄዱ ቶሎ ቶሎ ያንሳሉ፤ የቅርቡ ማዕዘን ተጋፍቶ ወደ ፊት ይወጣል። አንዴ ካየሁት በኋላ ሌላ ነገር ማየት አቃተኝ።

«ስንት ሰጠኸው?»

«50።»

«50 በምን ላይ?»

የምመልሰው አጣሁ። ካሜራውን አምጣ አሉኝ። ኮሪደሩ ውስጥ በትራይፖድ አቁመው ከግድግዳው 3 ሜትር ለኩ። የለኩት ከሌንሱ አፍ አይደለም፤ ካሜራው አናት ላይ ካለችው፣ በመስመር ከተሰነጠቀች ትንሽ ክብ ምልክት ነው። እዚያ ቦታ ላይ ውስጥ፣ በፊልም ፈንታ ምስሉን የሚቀበለው ሴንሰር እንዳለ ያወቅኩት ያኔ ነው፤ ለዓመታት እንደ ጌጥ ነበር የማያት። ከዚያ እኔ በስክሪኑ እያየሁ «ግራ፣ ግራ፣ በቃ» እያልኩ፣ እሳቸው ፍሬሙ የሚያልቅበት ግራና ቀኝ ጠርዝ ላይ ፕላስተር ለጠፉ። በሁለቱ ፕላስተሮች መካከል ሲለካ 1.30 ሜትር ገደማ መጣ።

«አሁን እዚያ ኮምፒውተርህ ውስጥ ይሄንኑ ግድግዳ ሥራልኝ።» ሠራሁ፤ ካሜራውን 3 ሜትር ላይ አቆምኩት። የእኔ ካሜራ 2.16 ሜትር ያያል።

ነገሩ ከዚያ በኋላ ግልጽ ነው። ማያ ካሜራ ስትፈጥሩ የፊልሙን መጠን 1.417 በ0.945 ኢንች አድርጎ ይሰጣችኋል፤ ይህ 36 በ24 ሚሊሜትር ነው፣ ማለትም ሙሉው የፎቶ ፊልም። የ600ዲ ሴንሰር ግን 22.3 ሚሊሜትር ብቻ ይሰፋል፤ በኢንች 0.878 ነው። ያው 50 በ36 ላይ ወደ 40 ዲግሪ ያያል፤ በ22.3 ላይ 25 ዲግሪ። እኔ ሌንሱን አስገብቼ ሴንሰሩን ረስቼዋለሁ። በስሌት ሲታይ 22.3ን ለ50 አካፍላችሁ በ3 ሜትር ብታባዙ 1.34 ይመጣል፤ በፕላስተሩ የጎደለችው ትንሽ ነገር ሌንሱ ቅርብ ሲያይ ወደ ፊት ስለሚወጣና ስለለካነው ከሴንሰሩ ጀምረን ስለሆነ ነው።

ጋሼ ግን ከዚህ ሁሉ ቁጥር አንዱንም አያውቁትም፤ የ600ዲ ሴንሰር ስንት እንደሚሰፋ ሰምተውም አያውቁም። የ16 ሚሊሜትር ፊልም ፍሬም 10 ሚሊሜትር ብቻ ስለሚሰፋ የእሳቸው መደበኛ ሌንስ 25 ነበር። ያ ሌንስ 3 ሜትር ላይ ከአንድ ሜትር ከሩብ ብዙም እንደማያልፍ ዕድሜያቸውን ሙሉ በየቤቱ ሳሎን ውስጥ እየተጨናነቁ ስለቀረጹ ያውቁታል። «የኔ 25ና የዚህ ካሜራ 50 ወንድማማቾች ናቸው» አሉኝ። «ሚሊሜትሩን ተወው። ያየውን ስፋት ለርቀቱ አካፍለው፣ ሌንስህ እሱ ነው።» ይህን ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እንዲህ አጥርቶ የነገረኝ ሰው የለም።

0.878 አስገብቼ ካሜራውን ወደ ኋላ ሳርቀው ሕንፃው ቆመ። ቁልፎቹን አንድ በአንድ ደመሰስኳቸው።

በማግስቱ ደንበኛው መጥቶ አየ፣ ወደደው። አለቃችን ትከሻዬን እየመታ «ይሄ ልጅ ሌሊቱን ሙሉ ሠርቶ ነው» አለ። ጋሼ በሩ አጠገብ የመብራት ገመድ እየጠቀለሉ ነበር። «እሳቸው ናቸው ያገኙት» ማለት ምን ያህል ይከብዳል? አላልኩም። እሳቸውም ምንም አላሉም፤ ገመዱን ጠቅልለው ወጡ። ከጥቂት ወራት በኋላ ለአዲስ ሥራ የቀረጻ ቡድን ሲመረጥ አንድ ሰው «እሳቸው የፊልም ዘመን ሰው ናቸው፣ ዲጂታል አይሆንላቸውም» አለና ስማቸው ተዘለለ። እኔ እዚያ ስብሰባ ላይ ነበርኩ። ሴንሰር የሚባለውን ነገር ያሳየኝ ማን እንደሆነ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። በኋላ ልጆቻቸው ወደ አሜሪካ ወሰዷቸው።

ልጅቷ «ሶፍትዌሩ አያገኘውም ወይ» ስትል ትዝ ያሉኝ እሳቸው ናቸው።

ለጥያቄው መልስ ልስጥ። ብሌንደር የሚባለው የ3ዲ ሶፍትዌር ከ2.61 ጀምሮ፣ ማለትም ከፈረንጆቹ 2011 መጨረሻ ወዲህ፣ ትራኪንግ አለው፤ በነጻ ነው፤ ፎካል ሌንግዙንም (የሌንሱን ሚሊሜትር) ራሱ እንዲያሻሽለው ልታዙት ትችላላችሁ። እኛ ይህ አልነበረንም፤ በዚህ እቀናባችኋለሁ። ካሜራው በደንብ ከተራመደ፣ ቅርብም ሩቅም ነገር በምስሉ ውስጥ ካለ፣ ያገኘዋል። ካሜራው ብዙም ካልተንቀሳቀሰ ወይም ሁሉም ነገር ሩቅ ከሆነ ግን ረጅም ሌንስ ከሩቅ ይሁን አጭር ሌንስ ከቅርብ መለየት ያቅተውና አንዱን ይመርጣል። ስህተቱንም 0.4 ፒክስል ብሎ ይነግራችኋል፤ እናንተም ደስ ብሏችሁ ትቀጥላላችሁ። ትንሽ ስህተት ማለት ነጥቦቹ እርስ በርስ ተስማምተዋል ማለት ነው እንጂ ሌንሱ ያ ነበር ማለት አይደለም። የብሌንደር ካሜራም ሲከፈት 36 ሚሊሜትር ሴንሰርና 50 ሌንስ ይዞ ነው የሚጠብቃችሁ። እኔን የጣለኝ ጉድጓድ እዚያው አለ።

እውነቱን ለመናገር እኔም ሁልጊዜ አልለካም። ከሠራኋቸው ሁሉ የምወደው አንድ ሾት ላይ ሌንሱን ያገኘሁት የቆርቆሮ ጣሪያ መስመርና የበር ጉበን እያየሁ በዓይኔ ነው፤ ሜትር የሚባል ነገር አልነካሁም። ያ ግን ዓይኔ ብዙ ግድግዳ ከለካ በኋላ ነው።

እናንተ ከእኛ ትበልጣላችሁ፤ ይህን የምለው ላሞካሻችሁ አይደለም። እኛ በዓመት የተማርነውን በአንድ ክረምት ትጨርሱታላችሁ። ከቢሮ ግን አትወጡም! ቪዲዮው በቴሌግራም ይላክላችኋል፣ ዘመዱ ማን እንደሆነ ሳይታወቅ፤ በቴሌግራም ሲመጣ ደግሞ እንደ ፋይል ካልተላከ ተጨምቆ ነው የሚደርሳችሁ። ካሜራማኑን ደውሎ ለመጠየቅ ታፍራላችሁ፤ ወይም ዕድሜው ገፋ ያለ ከሆነ ምን ያውቃል ትላላችሁ። አንድ ስልክ ደውሉ፦ ካሜራው ምን ነበር፣ ሌንሱ ስንት ነበር፣ ከመሬት ምን ያህል ከፍ ብሎ ነበር፣ 4ኬ ሲቀርጽ ምስሉን ከዳር ይቆርጣል ወይ? ሴንሰራቸውን በሙሉ ለፎቶ ብቻ የሚጠቀሙ፣ ለቪዲዮ መሐሉን የሚቆርጡ ካሜራዎች ብዙ ናቸው፤ ያኔ ሳጥኑ ላይ የተጻፈው የሴንሰር ስፋት ለእናንተ አይሠራም። ፕላስተርና ሜትር ግን ይህን ሁሉ አንድ ላይ ይለካል።

በስልክ የተቀረጸ ከሆነ የምስል ማረጋጊያው ጠፍቶ መሆኑን ጠይቁ። ማረጋጊያው በየፍሬሙ ምስሉን ይቆርጠዋል፣ ይጎትተዋል፤ ስለዚህ ሌንሱ በየፍሬሙ ሌላ ሌንስ ነው። ትራክ ስታደርጉት ወለሉ ሲነፍስና ሲኮማተር ካያችሁ ጥፋቱን እናንተ ላይ አትፈልጉት።

ሰፊ ሌንስ ከሆነ ደግሞ ሌላ ጉዳይ አለ። ከካሜራው ጋር የሚመጣው 18-55፣ 18 ላይ ሲሆን የግድግዳውን ጠርዝ ወደ ውጭ ያጎብጠዋል። እናንተ የሠራችሁት ሕንፃ ቀጥ ያለ ስለሆነ መሐል ላይ ይገጥማል፣ ዳር ላይ ይርቃል። ብሌንደር ውስጥ ኬ1 እና ኬ2 የሚባሉት ቁጥሮች ለዚህ ናቸው፤ የዚህ ዓይነት ስሌት በፈረንጆቹ 1960ዎቹ ከአየር ላይ ፎቶ ካርታ የሚሠሩ ሰዎች ያዳበሩት ነው። ካሬ ካሬ የተሰመረ ወረቀት በዚያው ሌንስ ቀርጹና መስመሮቹ እስኪቃኑ አስተካክሉ። ከዚያ ኮምፒውተሩ ሠርቶ በሚያወጣው ምስል፣ በሬንደሩ፣ ላይ ያንኑ ጉብጠት መልሳችሁ አስገቡ እንጂ የተቀረጸውን ምስል አቃንታችሁ አታስረክቡ፤ ስታቃኑት ጥራቱ ይቀንሳል፣ ዳሩም ይቆረጣል።

ዙም እያደረጉ የቀረጹት ከሆነስ? አብሮ የሚለወጥ ሌንስ በየፍሬሙ መፈለግ ይቻላል፤ እኔም ሠርቼዋለሁ። ግን ከመጀመራችሁ በፊት ደውላችሁ ያለ ዙም ደግመው ሊቀርጹት ይችሉ እንደሆነ ጠይቁ። የመኪና ነዳጅ ከሁለት ሳምንት ሥራችሁ ይረክሳል።