«ይባርክላችሁ» ወይስ «ይባረክላችሁ»?

ጥያቄው የመጣው ከደሴ ነው። ጠያቂው ፒያሳ አካባቢ የኮምፒውተር ጽሕፈትና የሕትመት ሥራ የሚሠራ ወጣት ነው። እንዲህ ይላል፦

«ጋሼ፣ እንዴት ነዎት? ለአንድ ሠርግ ባነር ሠርቼ ነበር። በአማርኛ "አላህ ትዳራችሁ ይባርክላችሁ" ብዬ ጻፍኩ። ቪዲዮውን ውጭ አገር ያሉ ዘመዶች ስለሚያዩት ከሥሩ በእንግሊዝኛ "ጋድ ብለስስ ዩር ማሪጅ" ጨመርኩበት። ሊወስዱት ሲመጡ የሙሽራዋ አጎት "ይባረክላችሁ ነው የሚባለው፣ አበላሽተኸዋል" አሉኝ። የሙሽራው እህት ደግሞ "ኧረ ይባርክላችሁ ልክ ነው" ብላ ተከራከረችልኝ። አብሯቸው የመጣ ተማሪ እንግሊዝኛውን አይቶ ሳቀ። ማነው ልክ?»

አብሽር። አጎትየው ልክ ናቸው። እህትየዋም ልክ ናት። የተሳሳትከው አንተ ነህ፤ ስህተትህ ግን እነሱ የተከራከሩበት ቦታ ላይ አይደለም። ከ«ትዳራችሁ» መጨረሻ ላይ አንዲት «ን» ጠፍታለች።

«ይባርክ» ስንል የሚባርክ አለ። እሱም አላህ ነው፣ እግዚአብሔር ነው። የሚባረከው ነገር ደግሞ «ን» ይይዛል፦ «አላህ ትዳራችሁን ይባርክላችሁ»። «ይባረክ» ስንል ባራኪው ከዓረፍተ ነገሩ ይወጣል። የሚባረከው ነገር ራሱ ባለቤት ይሆናል፣ «ን» አያስፈልገውም፦ «ትዳራችሁ ይባረክላችሁ»። እህትየዋ የመጀመሪያውን፣ አጎትየው ሁለተኛውን በልባቸው ይዘው ነው የተከራከሩት። አንተ ግማሹን ከዚህ፣ ግማሹን ከዚያ ወስደህ አንድ ባነር ላይ ሰቀልከው።

በአፍ ይህን የሚሳሳት ሰው እምብዛም አላጋጠመኝም። «ይባረክ» ስንል «ባ»ን ጠበቅ እናደርጋታለን፣ «ይባርክ» ስንል እናላላታለን። ጆሮ ወዲያው ይለየዋል። ጽሑፋችን ግን መጥበቅና መላላቱን አያሳይም። የሚቀረን መለያ «ር» ወይም «ረ» ብቻ ነው። ስልክ ላይ ደግሞ «ር»ን «ረ» ለማድረግ አንድ ጊዜ መንካት ይበቃል፣ ጣት ከቸኮለ ያቺ አንዷ ትዘለላለች። በኢድና በፋሲካ ሰሞን የሚላኩልኝን መልእክቶች ሳነብ ስህተቱ ከእውቀት ማነስ ሳይሆን ከጣት ጥድፊያ የመጣ ይመስለኛል።

ከተምታታብህ ለልጅ የምትመርቀውን አስብ። አራስ ጠይቀህ ስትወጣ «አላህ ያሳድግልሽ» ትላለህ፣ ወይም «ልጅሽ ይደግልሽ»። «አላህ ይደግልሽ» የሚል የለም፣ ብትል ቤቱ በሳቅ ይሞላል። እንግዲህ «ያሳድግ» የሚገባበት ቦታ ላይ «ይባርክ» ጻፍ። «ይደግ» የሚገባበት ላይ «ይባረክ»። ይህ ብልሃት እስካሁን አልከዳኝም።

አንድ አስቸጋሪ ግሥ አለ፣ «ሞላ»። «ያሰባችሁት ይሙላላችሁ» ይባላል። «አላህ ያሰባችሁትን ይሙላላችሁ»ም ይባላል። ግሡ ቅንጣት አልተለወጠም። ማን ሞላ፣ ምን ሞላ የሚለውን የምትነግረን «ን» ብቻ ናት። ለዚህ ነው ስለ «ን» ይህን ያህል የምጨቀጭቀው።

አሁን አንድ አንባቢ «ታዲያ "እግዚአብሔር ይባረክ" ስህተት ነው ማለት ነው?» ሊለኝ ነው። አይደለም። ትርጉሙ ሌላ ነው እንጂ ልክ ነው። «እግዚአብሔር ይባረክ» ምስጋና ነው፣ ይመስገን፣ ይክበር ማለት ነው። ግዕዙ «ይትባረክ» ይለዋል። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 1 የዘካርያስ ጸሎት የሚጀምረው «ይትባረክ እግዚአብሔር አምላከ እስራኤል» ብሎ ነው። ዐረብኛውም እዚያው ሠፈር ነው። 67ኛው የቁርኣን ሱራ፣ ሙልክ የሚባለው፣ «ተባረከ» ብሎ ይጀምራል፣ የሚያወድሰውም አላህን ነው። ዐረብኛ ይህን «ተባረከ» የሚለውን መልክ ለፈጣሪ ብቻ ጠብቆ አኑሮታል። እኛ አማርኛ ተናጋሪዎች ግን ውሃ ላቀበለን ልጅ «ተባረክ» እንላለን። ቃሉ የአንድ ሥር ልጅ ነው፣ አዋዋሉ ግን እንደየቤቱ ነው።

ወሎ ላይ ይህን ዝምድና ለማየት መጽሐፍ መግለጥ አያስፈልግም። አንድ ሠፈር ውስጥ ሙባረክ የሚባል ልጅና ቡሩክ የሚባል ልጅ አብረው ኳስ ሲጫወቱ ታያለህ። ሁለቱ ስሞች አንድ ናቸው፣ «የተባረከ» ማለት ነው። አንዱ በዐረብኛ፣ አንዱ በግዕዝ ነው የወጣላቸው። ጎረቤት እናቶቻቸው ቡና ሲጠሩ ደግሞ አቦል ይወርዳል፣ ቶና ይከተላል፣ ሦስተኛው በረካ ነው። በረካ ቀጭን ነው፣ ጀበናው ውስጥ የቀረውን ጠርገው የሚቀዱት። ግን እሱን ሳይጠጣ የሚነሳ ሰው በክፉ ይታያል። ልጅ ሆኜ ቡናው ውሃ ውሃ ሲለኝ ለምን በረካ እንዳሉት አይገባኝም ነበር። ጎረቤታችን አንዲት እናት ስኒውን በሁለት እጃቸው ይዘው ምርቃቱን ሲጀምሩ፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም መዳፉን ዘርግቶ «አሚን» ሲል ነው የገባኝ። ለካ ስሙ የቡናው ሳይሆን የምርቃቱ ነው።

እዚህ ላይ «መረቀ» እና «ባረከ» የሚሉትንም እንለይ። አማርኛ ብዙውን ጊዜ ሰው ይመርቃል፣ ፈጣሪ ይባርካል ይላል። ሽማግሌ መርቆ «አላህ ይባርክህ» ይልሃል፣ ማለትም ባርኮቱን ከባለቤቱ ይለምንልሃል። ካህን ሲሆን ይባርካል፣ ቡራኬ ይሰጣል። በበዓል ቀን ደግሞ «በጉን ባርኩልን» የተባለ ሰው ቢላ ይዞ ነው የሚነሳው። ስለዚህ ባነር ላይ «በጋችሁ ይባረክላችሁ» እንዳትጽፍ። «ምርቃት»ም ብዙ ሥራ አለው። ተማሪ ዩኒቨርሲቲ ጨርሶ ይመረቃል፣ ገበያ ላይ ሽንኩርት የምትሸጠው ሴት ሚዛኑ ላይ ሁለት ራስ ትመርቅልሃለች።

ወደ እንግሊዝኛው እንምጣ። ተማሪው የሳቀው በአንዲት «ስ» ነው። እንግሊዝኛ ባለቤቱ ሦስተኛ መደብ ነጠላ ሲሆን የአሁን ጊዜ ግሥ ላይ «ስ» ይጨምራል፣ «ጋድ ብለስስ»። ይህን ትምህርት ቤት አጥብቀው አስተምረውናል። ግን እንደዚያ ሲጻፍ ወሬ ነው፤ «እግዚአብሔር ትዳራችሁን ይባርካል» ብሎ ስለሚሆነው ነገር መናገር ነው። አንተ የፈለግከው ምኞት ነው። በምኞት ጊዜ «ስ» ይወድቃል፦ «ጋድ ብለስ ዩር ማሪጅ»። ፊት ላይ «ሜይ» የሚል ቃል እንዳለ ቁጠረው፣ «ሜይ ጋድ ብለስ ዩር ማሪጅ»። ለባነር ይህ ረዘም ያለው ያምራል። «አላህ» የሚለውን ቃል እንዳለ ማስቀመጥ ከፈለጉም ምንም አይደል፣ እንግሊዝኛው ይቀበለዋል፣ የመጀመሪያውን ፊደል ብቻ ትልቅ አድርገው።

ልብ ካልክ ልዩነቱ የእኛው «ይባርካል» እና «ይባርክ» ነው። እኛ «ኣል»ን ስንጥል ምኞት ይሆናል፣ እነሱ «ስ»ን ሲጥሉ። ዐረብኛው ደግሞ ሌላ መንገድ ይሄዳል። ኒካሕ ላይ «ባረከላሁ ለኩማ» ሲባል ግሡ ያለፈ ጊዜ ነው። ቃል በቃል «አላህ ባረከላችሁ» እንደማለት ነው፣ ግን ተፈጽሟል ማለታቸው ሳይሆን ዱዓ ነው። ይህን በአማርኛ «አላህ ባረከላችሁ» ብሎ የሚጽፍ አይቻለሁ። አይሆንም፣ የአማርኛው ምኞት «ይባርክላችሁ» ነው።

ሰው ሲያነጥስ ፈረንጆች «ብለስ ዩ» ይላሉ። ፊልም የሚተረጉሙ ልጆች ይህን «ይባርክህ» እያሉ ይጽፉታል፣ እኔም ባየሁ ቁጥር ራሴን እይዛለሁ። ያነጠሰ ሰው «ይማርህ» ይባላል፣ እሱም «ያኑርህ» ይላል። ሙስሊም ከሆነ «አልሐምዱ ሊላህ» ይላል፣ አጠገቡ ያለው «የርሐሙከላህ» ይለዋል፣ ትርጉሙ ያው ይማርህ ነው። የሚያነጥስን ሰው ማን ይባርካል!

አንድ ነገር ልጨምር። ባነሩ ለትልቅ ሰው ከሆነ «ይባርኮት» ብለህ እንዳትጽፍ። በጥድፊያ ስንናገር እንደዚያ ይሰማል፣ አጻጻፉ ግን «ይባርክዎት» ነው፣ ወይም «ይባርክዎ»።

ባነሩን እንደገና ማተም ግን አያስፈልግህም። «ትዳራችሁ» እና «ይባርክላችሁ» መካከል ክፍት ቦታ ካለ በዚያው ቀለም አንዲት «ን» ቆርጠህ ለጥፍ። በእንግሊዝኛው በኩል የግሡን የመጨረሻ ሁለት ፊደሎች፣ «ኢ» እና «ኤስ»ን ሸፍናቸው። አጎትየው መጥተው «ይባረክላችሁ ነው ብዬህ ነበር» ካሉህ፣ «አላህ» የሚለውን ቃል በጣትህ ሸፍነህ ቀሪውን እንዲያነቡት ስጣቸው።