መልስ፦ ሳሙና ከሆነብህ ዘይቱን ለካ፣ ከዚያ ስለ ኢንዛይም እናወራለን

«ያገለገለ ዘይት በኮስቲክ ሶዳ ወደ ባዮዲዝል (ከዘይት የሚሠራ ነዳጅ) ስቀይር ሳሙና እየሆነ አስቸገረኝ፤ ወደ ኢንዛይም ልዙር?» ላልከው፣ ቶሎ አትዙር ወዳጄ። ዘይት ደጋግሞ ሲጠበስበት ነፃ የስብ አሲድ ይበዛበታል። ሶዳው ያንን ሲያገኝ ሳሙና ይሠራል። ውሃ ካለማ ይብሳል። ስለዚህ ዘይቱን አጣራ፣ ውሃውን አስወጣ፣ አሲዱን ለካ። ከ1 በመቶ በታች ከሆነ ሶዳና ሜታኖል (የአልኮል ዓይነት ነው) በ60 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ በአንድ ሁለት ሰዓት ይጨርሱታል። በጣም ከበለጠ ግን አስቀድመህ በሰልፈሪክ አሲድና በሜታኖል አሲዱን ቀንስ፤ ሶዳው ከዚያ ይከተላል።

ሊፔዝ የሚባለው ኢንዛይም (ኬሚካላዊ ለውጥን የሚያፋጥን ፕሮቲን) ዘይቱንም አሲዱንም ይቀይራል። ሳሙና የለም፣ ከ30 እስከ 50 ዲግሪ ይበቃዋል። እውነቱን ለመናገር ደስ ይላል! ግን ውድ ነው፣ ቀርፋፋም ነው፤ ግማሽ ቀን ወይም ከዚያ በላይ ይፈጃል። ሜታኖሉን ባንዴ ካፈሰስክበት ይሞትብሃል፤ በሦስት ዙር ከፋፍለህ ጨምር። ጠጣር ነገር ላይ የተለጠፈውን ዓይነት ከመረጥክ አጣርተህ ደግመህ ትጠቀምበታለህ፤ ብቻ ከባዮዲዝሉ ጋር አብሮ የሚወጣው ወፍራም ፈሳሽ፣ ግሊሰሪን፣ እንዳይደፍነው።

በየትኛውም መንገድ ሜታኖል መርዝ ነው፣ በቀላሉም ይቀጣጠላል። ቤት ውስጥ አትሞክረው።